የማጉያው እንጉርጉሮ፦ ስለ አሮጌ ዕቃና ስለ አሮጌ ዜማ አያያዛችን

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን የተጻፈውን ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። የዘፋኙ የሕይወት ታሪክ አለ፤ የግጥሙ ሰምና ወርቅ አለ፤ የዜማው ደራሲ ማን ነበር የሚል ክርክር አለ፤ ዘፈኑ ማንን ለመንካት እንደ ተዘፈነ የሚተርክ ብዙ ወሬ አለ። ድምፁ ግን የለም። ጊታሩ በምን ዓይነት ሣጥን አልፎ ጆሯችን እንደ ደረሰ፣ ሣጥኑ ሲበላሽ ማን እንደ ጠገነው፣ መለዋወጫው ከየት እንደ መጣ የሚነግረን ጽሑፍ ከእጅ ጣት አይበልጥም። የሂስ ልማዳችን ከቅኔ ቤት የወጣ ነውና ጆሯችን ቃል ሲሰማ ይነቃል፤ ቃል ሲያልቅ ያንቀላፋል። ዘፋኙ አፉን ዘግቶ ጊታሩ ብቻውን ሲናገር፣ እኛ ቀጣዩን ስንኝ እንጠብቃለን።

ይህን ስል ራሴን ነጻ አላወጣም። ሙያዬ ሕክምና ነው፤ ሙዚቃን የምሰማው እንደ ማንኛውም ስደተኛ በመኪና ውስጥና በሠርግ አዳራሽ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አሮጌ የጊታር ማጉያዎችን መጠገን ልማድ አድርጌያለሁ። በዚህ መጣጥፍ ስለ ሂሳችንና ስለ ቅርስ አያያዛችን ልከራከር እወዳለሁ፤ ወደ ክርክሩ የምደርሰው ግን ሠላሳ ኪሎ ግራም በሚጠጋ አንድ ሣጥን በኩል ነው። አንባቢዬ ትንሽ ይታገሠኝ።

* * *

የምኖረው ክሪስታል ሲቲ ነው፤ ከዋሽንግተን በፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ። ስሙ ሲሰማ የከበረ ድንጋይ የተቆፈረበት አገር ይመስላል። ስሙን ያወጣለት ግን በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተሠራው ክሪስታል ሃውስ የተባለ አፓርታማ በመግቢያ አዳራሹ የሰቀለው ባለ ጌጥ መብራት ነው። እንዲህ ባለው ሰፈር፣ አሮጌ ነገር ሁሉ በሚፈርስበት ቦታ፣ አሮጌ ዕቃ መጠገን ራሱ ትንሽ ያሳፍራል።

አንድ ቅዳሜ፣ ጋሼ ከአሌክሳንድሪያ መኪናቸውን እየነዱ መጡ። ስማቸውን ለራሳቸው ልተወው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ጊታር ይጫወቱ የነበሩ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው ሲታወጅ፣ እንግዳው ገብቶ በሩ ሲዘጋ፣ ባንዱም እንግዳውም እስኪነጋ መውጫ ስላልነበራቸው እስከ ጎህ የሚጫወቱ ከነበሩት መካከል ናቸው። ወደ አሜሪካ የመጡት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። እዚህም ቀን መኪና እያቆሙ፣ ማታ በየምግብ ቤቱ እየተጫወቱ ልጆቻቸውን አሳድገዋል።

«ዶክተር፣ በሽተኛ ይዤልህ መጣሁ» አሉኝ፤ የመኪናቸውን ኋላ ከፍተው።

በሽተኛው ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ነበር፦ አራት ትልልቅ የኃይል ቫልቮች፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች እስፒከሮች፣ በስተኋላው የቫልቮቹን ስም የዘረዘረች የተቃጠለች ወረቀት። ትራንስፎርመሩ ላይ 606-8-35 የሚል ቁጥር ተመቷል። ይህን ዓይነቱን ቁጥር ማንበብ የልደት ካርድ እንደ ማንበብ ነው፤ 606 ሹማከር የተባለው አምራች፣ 8 የ1968 ዓመት፣ 35 የዓመቱ ሠላሳ አምስተኛ ሳምንት ማለት ነው። እንግዲህ ሊዮ ፌንደር የተባለው የካሊፎርኒያ ሬዲዮ ጠጋኝ ኩባንያውን በ1965 ለሲቢኤስ ከሸጠ በኋላ የተሠራ ነው። ጋሼ የገዙት እዚሁ ዋሽንግተን፣ ከዕዳ መያዣ ሱቅ ነው። ስለ ምን ይህን መረጡ ብዬ ጠየቅኋቸው። አገር ቤት የተጫወቱበት ማጉያ ይኸው ዓይነት ስለ ነበር መሆኑን ነገሩኝ። ይህ ሣጥን ራሱ ግን አዲስ አበባን አይቶ አያውቅም።

«ሕመሙ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ያንጎራጉራል። ማንጎራጎሩስ ባልከፋ፤ የአገር ቤቱም ያንጎራጉር ነበር። የዚያ ግን ሶል ላይ ይቆም ነበር። ይኸኛው የትም አይቆምም። አርባ ዓመት ሙሉ የትም አልቆመም።»

እኔ ፈገግ አልኩ። የሐኪም ፈገግታ ምን ያህል ክፉ እንደ ሆነ የሚያውቅ በሽተኛ ብቻ ነው። በልቤ ያልኩት ይህ ነበር፦ ሰውዬው ሰባዎቹን አልፈዋል፤ ዕድሜያቸውን በከባድ ድምፅ አጠገብ አሳልፈዋል፤ ናፍቆትም አለባቸው። ማጉያውን ከማየቴ በፊት የጆሮ ምርመራ እንዲያደርጉ መከርኳቸው። ሽማግሌው ተቀየሙኝ፤ ለአክብሮት ሲሉ ግን ሄደው ተመረመሩ። ውጤቱ የጠበቅሁት ነበር። በ4000 ሄርዝ አካባቢ መስመሩ ጎድጉዷል፤ ይህም በጩኸት የተጎዳ ጆሮ ሁሉ የሚያሳየው ምልክት ነው። ነገሩ ተፈታ ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩት።

የተፈታ ነገር ግን አልነበረም። መሳሳቴን የተረዳሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማጉያውን ገልጬ ካፓሲተሮቹን ስለካ ነው። አዲስ አበባ መብራቱ 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የአሜሪካው 120 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል። ማጉያው ተመላላሹን ኃይል ወደ ቀጥተኛ ሲለውጥ፣ እያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጉብታ ትቶ ያልፋል። ጉብታውን የሚደለድሉት ካፓሲተሮች ናቸው። እነርሱ ሲያረጁና በውስጣቸው ያለው እርጥበት ሲደርቅ ጉብታው በእስፒከሩ በኩል ይሰማል። ስለዚህ ያረጀ ማጉያ አዲስ አበባ ላይ በ100 ሄርዝ፣ ዋሽንግተን ላይ ግን በ120 ሄርዝ ያንጎራጉራል።

አሁን ቁጥሩን ወደ ኖታ እንመልሰው። በጊታር ወፍራም ክር ላይ ያለው ሶል 98 ሄርዝ ነው፤ 100 ከዚያ ጥቂት ብቻ ከፍ ይላል። ጊታር የሚቃኝ ጆሮ «ሶል» ቢለው አይፈረድበትም። 120 ሄርዝ ግን በሲ ቤሞል (116.5) እና በሲ (123.5) መካከል፣ ከሞላ ጎደል እኩሌታው ላይ ይወድቃል። በፒያኖ ላይ ቁልፍ የለውም። ጋሼ «የትም አይቆምም» ያሉት ቃል በቃል እውነት ነበር። ከ100 እስከ 120 ያለው ርቀት ደግሞ ሙዚቀኞች ትንሹ ሦስተኛ የሚሉት፣ ትዝታ ማይነርን ማይነር ከሚያሰኙት ርቀቶች አንዱ ነው። አንድ ዓይነት ሣጥን፣ አንድ ዓይነት እርጅና፤ ባሕር ሲሻገር እንጉርጉሮው በዚያች ርቀት ከፍ አለ።

የላክኋቸው የጆሮ ምርመራ ደግሞ እንደ ተለመደው ከ250 ሄርዝ የሚጀምር ነበር። ሽማግሌው የከሰሱትን ድምፅ ምርመራው አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። ስልክ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። «እኔማ ስነግርህ ነበር» ብለው ብቻ ዝም አሉ።

ይህን የተረክሁት ሐፍረቴን ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። በሂሳችን የምንሠራው ስሕተት ይኸው ነው። ተጫዋቹ ስለ ድምፁ የሚነግረንን ነገር እንደ ናፍቆት ወይም እንደ ሽምግልና ቆጥረን እናልፋለን፤ እኛ የተማርንበት መመዘኛ ከ250 በላይ ይጀምራልና።

* * *

ወደ መለዋወጫው ልመለስ። አሮጌ ማጉያ ለመጠገን የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚማረው፣ ቦታው ላይ የሚገባ ሁሉ ለቦታው የሚስማማ አለመሆኑን ነው። ለምሳሌ 12ኤኤክስ7 የተባለችው ትንሽ ቫልቭ በአውሮፓ ኢሲሲ83 ትባላለች፤ ስሟ ሁለት ይሁን እንጂ እርሷ አንድ ናት። በአንጻሩ 12ኤቲ7 እና 12ኤዩ7 ዘጠኙም እግራቸው በዚያው ጉድጓድ ይገባል፤ ነገር ግን የመጀመሪያዋ ድምፅን የማጉላት አቅሟ 100 ሲሆን፣ የሁለተኛዋ 60፣ የሦስተኛዋ 20 ቢደርስ ነው። እግር ያስተካከላቸውን ጉልበት ለያያቸው።

ከትልልቆቹ ቫልቮች መካከል ደግሞ አሜሪካዊው 6ኤል6 እና አውሮፓዊው ኢኤል34 ባለ ስምንት እግር መቀመጫቸው አንድ ነው። በጉልበትም ይቀራረባሉ። ሆኖም 6ኤል6 ለማሞቂያው የሚስበው 0.9 አምፒር ሲሆን ኢኤል34 1.5 አምፒር ይስባል። አራቱን ስንቆጥር 3.6 የነበረው 6 ይሆናል። ሳያውቅ የለወጠ ሰው ለጊዜው ጥሩ ድምፅ ይሰማል፤ ከወራት በኋላ ግን ያ የ1968 ትራንስፎርመር ይነዳል። በሕክምና ይህን በደም እናውቀዋለን። ካርል ላንድሽታይነር በ1901 የደም ዓይነቶችን እስኪለይ ድረስ፣ ደም ሁሉ ቀይ ስለ ሆነ ብቻ ከሰው ወደ ሰው ይሰጥ ነበር፤ አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ በመርፌው ላይ ይሞታል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም።

የጋሼ ማጉያ ቫልቮች ሲወጡ ሌላ ታሪክ ተገለጠ። ከአራቱ አንዱ እንኳ አሜሪካዊ አልነበረም። በመስታወቱ ላይ የታተመው ጽሑፍ በሩሲያ ፊደል ነው፤ ቫልቩ ለጦር ሠራዊት የተሠራ የሶቪየት 6ኤል6 ነው። ይህን ያለ ችግር አነበብሁት። በመንግሥት ስኮላርሺፕ ሌኒንግራድ ገብቼ ሕክምና ስማር ከተማዋ በ1991 ስሟን ለወጠችና ከሴንት ፒተርስበርግ ተመርቄ ወጣሁ። በዚያች ከተማ ስቬትላና የተባለው የቫልቭ ፋብሪካ ነበር፤ አጠገቡ ያለው አደባባይ እንኳ በስሙ ይጠራል። በትራም አጠገቡን ሳልፍ እዚያ የሚሠራው መስታወት አንድ ቀን ቨርጂንያ ውስጥ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ጊታር ነፍስ ይሆናል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ነገሩ ተአምር አይደለም፤ የገበያ ጉዳይ ነው። ትራንዚስተር ሲመጣ የምዕራቡ ዓለም ቫልቭ ፋብሪካዎች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ፤ አርሲኤ በ1976 ማምረቱን አቆመ። የሶቪየት ጦር ግን ቫልቭን ቶሎ አልተወም። ስለዚህ ግንቡ ሲፈርስ የአሜሪካ ሮክ ሙዚቃ መለዋወጫውን ከቀድሞ ጠላቱ መጋዘን መግዛት ጀመረ። ዛሬም ብዙው ቫልቭ የሚመጣው ከስሎቫኪያ፣ ከሩሲያና ከቻይና ነው። በ2022 በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ ሩሲያ የወጪ ንግድ ስታግድ የሳራቶቭ ፋብሪካ ቫልቮች ለጊዜው ጠፍተው ዋጋው ጣራ ነክቶ ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህ ዓይነቱ መለዋወጥ አይደንቀንም። በ1977 በአሜሪካ የሠለጠነ ጦራችን የሶቪየት ታንክ እየተረከበ ኦጋዴን ዘምቷል። በዚያው ዓመት ከ1943 ጀምሮ አሥመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ቃኘው ሻለቃ ጣቢያም ተዘጋ፤ ብዙ ወጣት ሙዚቀኞች የአሜሪካን ዘፈን በሬዲዮው የለመዱበት ጣቢያ ነው።

ስለ መስማማት ይህን ያህል የማወራው በራሴም ስለ ደረሰ ነው። ከሩሲያ ዲፕሎማዬ ጋር እዚህ ስደርስ እንደ ማንኛውም በውጭ የተማረ ሐኪም ፈተናውን እንደ አዲስ ተፈትኜ፣ የሆስፒታል ሥልጠናውን እንደ አዲስ ጀምሬ ነው ፈቃድ ያገኘሁት። በመካከሉ ለአራት ዓመታት የመኪና ማቆሚያ ደረሰኝ ቆርጫለሁ። በዚያን ጊዜ ይህን እንደ ውርደት ቆጥሬው ነበር። ዛሬ ግን ከፊሉን ልክ ነው እላለሁ፤ እግሬ በጉድጓዱ ስለ ገባ ብቻ ሙቀቱን እችለዋለሁ ማለት አልነበረምና። ከፊሉን ደግሞ አሁንም ልክ አይደለም እላለሁ፤ አንዳንዱ መርማሪ የሚያየው ቫልቩ ምን እንደሚሠራ ሳይሆን በምን ፊደል እንደ ተጻፈበት ነበር።

* * *

ማጉያውን ስጠግን አንድ የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ አማከርሁ። ምክሩ ግልጽ ነበር፦ «ምንም አትንካ። ካፓሲተሩን ከለወጥህ ዋጋው ይወድቃል። ገመዱን ከለወጥህ ኦሪጅናልነቱ ያበቃል።»

የዚህ ገመድ ነገር ሊብራራ ይገባዋል። በዚያን ዘመን ብዙ ማጉያዎች የሚሰኩት ሁለት ጥርስ ብቻ ባለው ገመድ ነበር፤ ወደ መሬት የሚወስድ ሦስተኛ ሽቦ አልነበራቸውም። እንጉርጉሮውን ለመቀነስ ሲባል በመብራቱ መስመርና በብረቱ አካል መካከል አንዲት ካፓሲተር ትደረግ ነበር። ይህች ካፓሲተር ስታረጅና ስትበላሽ የመብራቱ ኃይል በቀጥታ ወደ ማጉያው ብረት፣ ከብረቱ ወደ ጊታሩ ክር፣ ከክሩ ወደ ተጫዋቹ እጅ ይሄዳል። ተጫዋቹ በከንፈሩ ማይክሮፎን ከነካ ደግሞ ኃይሉ በልቡ በኩል ያልፋል። ጠጋኞች «የሞት ካፓሲተር» ይሏታል። ሰብሳቢው እንዳልነካት የመከረኝ ይህችን ነው።

አወጣኋት። ባለ ሦስት ጥርስ ገመድ አደረግሁ፤ የደረቁትን ካፓሲተሮች በሙሉ ለወጥሁ። ከመለወጤ በፊት ግን በውስጣቸው የተጠራቀመውን ኃይል አፈሰስሁ፤ ይህን ሣጥን የሚከፍት አንባቢ ካለ፣ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ከ400 ቮልት በላይ ተኝቶ ሊጠብቀው እንደሚችል ይወቅ። ደህና የሆኑትን ትራንስፎርመሮችና እስፒከሮች አልነካሁም። ያወጣሁትንም አልጣልሁም፤ በፖስታ አድርጌ፣ ቀን ጽፌ፣ በሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥሁት።

ሰብሳቢው ይህን ቢሰማ «እንግዲህ ያው ማጉያ አይደለም» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ግሪክ ፈላስፋ መሄድ አያስፈልግም፤ አገራችን መልስ አላት። የአዝማሪ መሰንቆ ጭራው ይለወጣል፤ ቆዳው ሲላላ አዲስ ይወጠራል፤ ደጋኑም ሲሰበር ሌላ ይተካል። ክራር በጅማት ፈንታ ናይለን ሲገባለት ዘመናት አለፉ። መሰንቆው ኦሪጅናል አይደለም ብሎ አዝማሪን የሚከስስ ሰው አልሰማንም። መሰንቆው መሰንቆ የሚሆነው ሲመታ ነው። የሰው አካልም እንዲሁ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳችን 120 ቀን ገደማ ኖሮ ይሞታል፣ በአዲስ ይተካል፤ እናታችን ግን አልተሳሳተችም፣ ያንኑ ልጇን ታቅፋለች።

አሁን ክርክሬን በግልጽ ላስቀምጥ። ከአሮጌ ነገር ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ሕያው ነው፣ ሁለተኛው ምስክር ነው። ማጉያ ሕያው ነው፤ ሊሠራ፣ ሊታመም፣ ሊታከም ይገባዋል፤ የሚገድለው አካል ይወጣል፣ የሚስማማው ይተካል። የድሮ ቅጂ ግን፣ ሸክላም ይሁን ቴፕ ወይም ካሴት፣ ምስክር ነው። ምስክር አይታከምም፤ ይደመጣል። በስደት ያለን ሰዎች ትልቁ ስሕተታችን እነዚህን ሁለቱን ማምታታችን ይመስለኛል። ሕያው የሆነውን፣ ማለትም ዘፈኑን፣ ቋንቋውን፣ የማኅበራችንን ደንብ፣ «ኦሪጅናሉ እንዳይነካ» እያልን ከነሞት ካፓሲተሩ እንጠብቃለን፤ ልጆቻችን በነኩት ቁጥር ሲነዝራቸው ደግሞ ባህላቸውን ጠሉ ብለን እናዝናለን። ምስክር የሆነውን ግን አጥበን፣ አስተካክለን፣ ጉድፉን አጥፍተን እናሳምራለን።

በቅጂዎቹ ላይ የሚደረገውን እንይ። አምሃ እሸቴ በ1969 መንግሥታዊውን የሸክላ ሞኖፖል ጥሶ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ እስከ 1975 ድረስ ያወጣቸው ከመቶ የሚበልጡ ሸክላዎች የአንድ ከተማ የድምፅ መዝገብ ናቸው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮፒክስ ተከታታይ እነዚያንና ሌሎችን ለዓለም ባያወጣ ኖሮ ብዙው ጠፍቶ ይቀር ነበር፤ ይህ ውለታ አይካድም። ከዚያ በኋላ በየቦታው በተነሣው «የወርቃማው ዘመን» ገበያ ግን፣ በኮምፒዩተር እያሻሻሉ የሚበትኑት ሰዎች መጀመሪያ የሚያጠፉት ነገር ያ የታችኛው እንጉርጉሮ ነው። በአንዲት ቁልፍ ይጠፋል። አብሮት የሚጠፋው ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም።

እኔ እነግራቸዋለሁ፤ የሚጠፋው አገሩ ነው። የወንጀል መርማሪዎች አንድ የድምፅ ቅጂ መቼ እንደ ተቀዳ ለማረጋገጥ ከመብራት መረብ የሚገባውን እንጉርጉሮ ይመረምራሉ፤ 50 ወይም 60 መሆኑ ብቻውን የአህጉር ምስክር ነው። ኃይሉ መርጊያን እናስብ። በዋሊያስ ባንድ «ጨ በለው»ን በ1977 አወጡ፤ በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ በ1985 አኮርዲዮንና ኤሌክትሪክ ኪቦርድ ይዘው «ሸሞንሟናዬ»ን ብቻቸውን ዋሽንግተን ውስጥ ቀዱ። ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘውና በ2013 እንደ ገና ታተመ። በእነዚያ ዓመታት ኃይሉ በደላስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዱ፣ ደንበኛ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። አድማጩ ሁሉ «የአዲስ አበባ ድምፅ» ይለዋል። ዜማው የአገር ቤት ነው፤ መብራቱ ግን የአሜሪካ ነው። «ጨ በለው» በ50፣ «ሸሞንሟናዬ» በ60 ተወልደዋል። በሁለቱ አልበሞች መካከል ያለውን ስደት በግጥም ልናገኘው አንችልም፤ ሁለቱም በመሣሪያ ላይ የቆሙ ናቸውና። የቃል ሂሳችን እዚህ ላይ ባዶ እጁን ይቆማል። የድምፅ ሂስ ቢኖረን ኖሮ ግን ብዙ የምንለው ነበረን።

* * *

ማጉያው አልቆ ጋሼ ሊወስዱት መጡ። ሰካሁት፤ ቫልቮቹ ቀሉ። ሣጥኑ መሥራቱን ለማወቅ ጆሯቸውን ወደ እስፒከሩ አስጠጉ። ዝም ብሏል።

«ሞተ እንዴ?» አሉ።

«ድኗል፣ ጋሼ» አልኳቸው። ጊታራቸውን ሰክተው አንድ ክር መቱ፤ ቤቱ ተናጋ፤ የላይኛው ጎረቤት ወለሉን ረገጠ። ሳቁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫወቱ። ከዚያ ኮታቸው ኪስ ውስጥ እጃቸውን ከትተው አንድ ካሴት አወጡ፤ ሆቴል ውስጥ ልምምድ ሲያደርጉ የተቀዳ ነው አሉ። ዘፋኝ የለውም። በካሴት ማጫወቻዬ ከተትሁት። ጊታሩ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች፣ ከሰው ወሬና ከወንበር ድምፅ በታች፣ ያ እንጉርጉሮ ተሰማ። ጋሼ ወፍራሙን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይዘው አንድ ጊዜ መቱትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ካሴቱ ትንሽ ፈጥኗል» አሉ፤ «ሶል ግን ነው።»

ለአንባቢዎቼ አንድ ልመና አለኝ። በየምድር ቤታችሁና በየሻንጣችሁ የሠርግ፣ የልምምድ፣ የሆቴል ካሴት ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ካሴቱ እየረገፈ ነውና ወደ ኮምፒዩተር ገልብጡት፤ ነገር ግን አታጽዱት። የማይፈለግ የሚመስላችሁን ጩኸት ሁሉ እንዳለ ተዉት። በሽፋኑ ላይ የዘፋኙን ስም ብቻ አትጻፉ፤ የት እንደ ተቀዳ፣ ማን ጊታር እንደ መታ፣ በምን ማጉያ እንደ መታ፣ ማጉያውን ማን እንደ ጠገነው ጻፉ። ጋሼ በሕይወት ሳሉ እኔ የእሳቸውን ጽፌያለሁ። ካሴቱን መልሼላቸዋለሁ፤ ማጉያውም በሚቀጥለው ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ለአንድ ሠርግ ይሠራል።